ትልቁ ስፒከር ወይስ ሳሎኑን የሚመጥነው?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሰሚት ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሳሎናችን 5 ሜትር ከ20 በ3 ሜትር ከ60 ሲሆን፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ ከፍታው ደግሞ 2 ሜትር ከ60 ገደማ ነው። የድሮው ቴፓችን ስለተበላሸ፣ በዚያው አጋጣሚ ወለል ላይ የሚቆሙ ጥንድ ስፒከሮች ለመግዛት ወስኛለሁ። ለገና ከዋሽንግተን የሚመጣው ወንድሜ ስፒከሩንም አምፕሊፋየሩንም ከዚያው ሊያመጣልኝ ቃል ገብቷል። እሱ የመረጠልኝ ሁለት ባለ 8 ኢንች ዉፈር (ቤዙን የሚያወጣው የስፒከሩ ክፍል) ያለውን ጄቢኤል ስቴጅ ኤ190 ነው፤ በዚያው ተከታታይ ውስጥ ኤ170 የሚባል ቀጭንና አነስተኛ ስፒከር መኖሩን አይቻለሁ፣ ነገር ግን ገንዘብ ካወጡ አይቀር ትልቁን መግዛት አይሻልም ወይ? አዘውትሬ የምሰማው የድሮ ዘፈኖችን፣ በዐቢይ ጾም ደግሞ በገና ነው። የአራት ዓመት ልጅ አለን፤ ከእኛ ሥር ባለው ቤት አንዲት አዛውንት እናት ይኖራሉ። የቱን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የክፍሉን ልክ፣ የወለሉን ዓይነትና የጎረቤትዎን ሁኔታ ጭምር ጽፈው ስለላኩልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። ስፒከር ሊገዛ አስቦ የሚጽፍልኝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚነግረኝ የገንዘቡን መጠንና የሞዴሉን ስም ብቻ ሲሆን፣ ምክር ለመስጠት ዋናው መነሻ ግን እርስዎ የጻፉት ነው። መልሴን ላስቀድም፦ ለዚህ ሳሎን የሚመጥነው ሁለት ባለ አምስት ከሩብ ኢንች ዉፈር ያለው ኤ170 ነው፤ ከዋጋው ልዩነት የሚተርፈውን ለወፍራም ምንጣፍና ለከባድ መጋረጃ ቢያውሉት፣ ትልቁን ስፒከር በመግዛት ከሚያገኙት የበለጠ ለውጥ በድምፁ ላይ ያያሉ። ወንድምዎ የመረጡት ዕቃ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ሰፊ ክፍል ውስጥ ከግድግዳ ርቆ ሲቆም ደስ የሚል ድምፅ የሚሰጥ ስፒከር፣ 19 ካሬ ሜትር በማይሞላ ሳሎን ውስጥ ከግድግዳ ተጣብቆ ሲቆም ያ ድምፁ አብሮት አይመጣም፤ ይህንንም በኋላ በአምፕሊፋየሩ ቁልፍ ማስተካከል አስቸጋሪ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት ከስፒከሩ በፊት ክፍሉን መመልከት ያስፈልጋል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ በሰከንድ 33 ጊዜ የሚርገበገብ፣ ማለትም 33 ሄርዝ የሆነ የቤዝ ድምፅ፣ የአንድ ሞገዱ ርዝመት 10 ሜትር ከ40 ይሆናል፤ የዚህ ግማሽ ደግሞ ልክ የሳሎንዎ ርዝመት ነው። የሞገዱ ግማሽ በሁለት ትይዩ ግድግዳዎች መካከል እንዲህ ልክክ ብሎ ሲገጥም፣ ከግድግዳው የሚመለሰው ድምፅ አዲስ ከሚወጣው ጋር እየተደመረ ያብጣል፤ ዥዋዥዌን በትክክለኛው ቅጽበት ደጋግሞ የሚገፋ ሰው በትንሽ ጉልበት ከፍ እንደሚያደርገው ነው። በእርስዎ ሳሎን ይህ የሚከሰተው በርዝመቱ በኩል በ33 ሄርዝ፣ በወርዱ በኩል በ48 ሄርዝ፣ በወለልና በጣሪያ መካከል ደግሞ በ66 ሄርዝ አካባቢ ነው። የየትኛውም አምራች ስፒከር ቢገባበት እነዚህ ቁጥሮች አይለወጡም፤ የቤቱ ግንባታ የወሰናቸው ናቸውና።

አሁን እነዚህን ቁጥሮች ከሚወዷቸው ዘፈኖች ጋር ያስተያዩአቸው። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ሳይያዝ ሲመታ 41 ሄርዝ ነው፤ በዚያው ክር ሦስተኛው ቤት (ፍሬት) ላይ ያለችው ጂ የምትባል ኖታ 49 ሄርዝ፣ ቀጣዩ ክር ሳይያዝ የሚሰጠው ኤ 55 ሄርዝ፣ ሲ ደግሞ 65 ሄርዝ ላይ ናቸው። ተጫዋቹ ሁሉንም በእኩል ጉልበት ቢመታቸውም፣ በእርስዎ ሳሎን ውስጥ ጂ ከወርዱ ጋር ስለምትገጥም ቤቱን ታናውጣለች፣ ኤ ከእሷ አጠገብ ደብዝዛ ትሰማለች፣ ሲ ከከፍታው ጋር ስለምትገጥም እንደገና ታብጣለች። የድሮ ዘፈኖቻችንን ውበት ከሚሸከሙት ነገሮች አንዱ ከድምፃዊው ሥር እየተራመደ የሚሄደው የቤዝ ዜማ ነው፤ ኖታዎቹ እኩል ካልተሰሙ ዜማነቱ ጠፍቶ አንድ ዓይነት ጉምጉምታ ብቻ ይቀራል። ብዙ ሰው ይህን ጉምጉምታ የስፒከሩ ጉልበት ምልክት አድርጎ ሲወስደው አያለሁ፣ በእውነት ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ገንዘቡን ከፍሎ ያጣው ሙዚቃውን ነው።

በዚህ ላይ ግድግዳው የራሱን ይጨምራል። ቤዝ እንደ ቀጭን ድምፅ ወደ ፊት ብቻ የሚሄድ ሳይሆን ወደ ሁሉም አቅጣጫ የሚሰራጭ ስለሆነ፣ በስፒከሩ አጠገብ ያለ እያንዳንዱ ሰፊና ጠንካራ ገጽ መልሶ ወደ ክፍሉ ይልከዋል። ከኋላ አንድ ግድግዳ ሲጠጋው የዝቅተኛው ቤዝ መጠን እስከ 6 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ድረስ ሊያድግ ይችላል፤ ጥግ ላይ ሲቆም ሁለተኛው ግድግዳ ሌላ ይደርብበታል። ትልቁ ስፒከር ያለማንም እርዳታ ወደ 30ዎቹ ሄርዝ እንዲወርድ ተደርጎ የተሠራ በመሆኑ፣ ከግድግዳ ጋር ሲጠጋ ከሚገባው በላይ ይሰጣል፤ ያም የሚሰጠው ሳሎንዎ ራሱ በሚያብጥባቸው በ33 እና በ48 ሄርዝ ላይ ነው። ትንሹ ግን ቤዙ ከ40ዎቹ ሄርዝ አካባቢ ጀምሮ እየቀነሰ ስለሚሄድ፣ ግድግዳው የሚጨምርለት ጎደሎውን ይሞላለታል እንጂ አያስጨንቀውም። ከተገዛ በኋላም ቤዙ በዝቶ ከተሰማዎት፣ በስፒከሩ ጀርባ ያለውን የአየር መውጫ ቀዳዳ በስፖንጅ ወይም በተጠቀለለ ንጹሕ ካልሲ ላላ አድርጎ መድፈን ዝቅተኛውን ድምፅ ይቀንሰዋል።

ወደ አቀማመጡ ልለፍ። በአገራችን ሳሎን ሶፋው ግድግዳ ለግድግዳ ዙሪያውን መደርደሩ የተለመደ ነው፤ እንግዳ ለመቀበል ይመቻል፣ ለመስማት ግን አይመችም። ጭንቅላትዎ ከኋላ ግድግዳ ጋር ሲጠጋ ቤዙ ሁሉ በዚያ ስለሚከማች ከመጠን በላይ ይሰማዎታል፤ በአንጻሩ ክፍሉ እኩሌታ ላይ፣ ማለትም ከግድግዳው 2 ሜትር ከ60 ላይ ሲቀመጡ፣ በርዝመቱ በኩል የሚያብጠው 33 ሄርዝ ፈጽሞ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ ስፒከሮቹን በአጭሩ ግድግዳ በኩል፣ ቴሌቪዥኑን በመካከላቸው አድርገው ያቁሙ፤ ከአንዱ መሐል እስከ ሌላው መሐል 2 ሜትር ከ20 ይሁን፣ ያን ጊዜ እያንዳንዱ ከጎን ግድግዳው 70 ሴንቲ ሜትር ይርቃል። ከጀርባቸው 45 ሴንቲ ሜትር ያህል ክፍት ቦታ ይተዉ። ዋናውን ሶፋ ደግሞ ጆሮዎ ከስፒከሮቹ ግድግዳ 3 ሜትር ከ30 ገደማ ላይ እንዲያርፍ ወደ ፊት ሳቡት፤ ከኋላው የሚቀረው ቦታ የምግብ ጠረጴዛውን ይይዛል፣ የሶፋው ጀርባም ሳሎኑን ከመመገቢያው ይለያል። ባለቤትዎ ይህን ካልወደዱት፣ ሶፋውን ከኋላ ግድግዳው ግማሽ ሜትር ማራቅም የሚናቅ ለውጥ አይደለም። ስፒከሮቹን በመጀመሪያ ፊት ለፊት አቁመው ያዳምጡ፤ ከዚያ ጥቂት በጥቂት ወደ እርስዎ እያዞሩ፣ የዘፋኙ ድምፅ በሁለቱ መካከል ቁልጭ ብሎ የሚቆምበትን ቦታ ይፈልጉ።

የሴራሚኩን ነገር በደንብ ሊያስቡበት ይገባል። ሳሎኑ መሐል ቆመው አንድ ጊዜ ጠንከር አድርገው ያጨብጭቡ፤ ጭብጨባው ካበቃ በኋላ ትርርር የሚል ቀጭን ድምፅ ከተከተለው፣ ያ በትይዩ ጠንካራ ገጾች መካከል የሚመላለስ ማስተጋባት ነው። በእንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ በጣም ውዱ ስፒከር እንኳ ሰ፣ ሸ እና ጸ በሚሉ ድምፆች ላይ ጆሮን ይወጋል፤ ሰዎችም ጥፋቱን ቀጭኑን ድምፅ ወደሚያወጣው የስፒከሩ ክፍል፣ ወደ ትዊተሩ፣ ይመልሱታል። መፍትሔው በስፒከሮቹና በሶፋው መካከል ወለሉን የሚሸፍን ወፍራም ምንጣፍ፣ በመስኮቱ ላይ ብዙ እጥፋት ያለው ከባድ መጋረጃ፣ በጎን ግድግዳዎች ላይ ደግሞ የመጻሕፍት መደርደሪያ ወይም የተሰቀለ ጥልፍ ጨርቅ ነው። የጎን ግድግዳው የትኛው ቦታ ላይ እንደሚያስቸግር ለማወቅ፣ እርስዎ ሶፋው ላይ ተቀምጠው ሌላ ሰው መስታወት በግድግዳው ላይ በጆሮዎ ቁመት ያንቀሳቅስልዎ፤ ስፒከሩን በመስታወቱ ውስጥ ያዩበት ቦታ ሊሸፈን የሚገባው ነው። የእንቁላል ትሪ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ግን ትርፉ አቧራ መሰብሰብ ነው፣ ገንዘብዎንም ግድግዳዎንም አያበላሹበት። ምንጣፍና መጋረጃ ከመካከለኛው ድምፅ በላይ ያለውን እንጂ ቤዙን እንደማይዙም ይወቁ፤ የ10 ሜትር ሞገድ በ2 ሴንቲ ሜትር ጨርቅ አይቆምም። ቤዙን መቆጣጠር የሚቻለው በስፒከሩ መጠንና በቦታው ነው የምለውም ለዚህ ነው።

ትልቁን የመግዛት ፍላጎትዎን በሚገባ እረዳለሁ፤ ቁመቱ ከአንድ ሜትር በላይ የሆነ ስፒከር ሳሎን ውስጥ ግርማ አለው። ነገር ግን ዓይን በዚህ ጉዳይ ላይ የሚታመን ዳኛ አይደለም። ፍሎይድ ቱል የተባሉት ካናዳዊ ተመራማሪ በአገራቸው ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ውስጥ ለዓመታት፣ በኋላም ከሾን ኦሊቭ ጋር በመሆን ባካሄዱት ጥናት፣ አዳማጮች ስፒከሩን ሳያዩ ከመጋረጃ ጀርባ ሲሰሙና እያዩ ሲሰሙ የሚሰጡት ፍርድ እንደሚለያይ አሳይተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1994 ያቀረቡት ሥራ በተለይ የዕቃው መጠን፣ ዋጋና ስም በጆሮ ላይ ምን ያህል እንደሚጫን ያመለከተ ነው። ሳያዩ ሲሰሙ ግን አዳማጮች በአብዛኛው የሚመርጡት አንድ ዓይነት ስፒከር ነበር፦ ከቤዝ እስከ ትሬብል ድምፁ ያልጎበጠና ያልጎደጎደ፣ ወደ ጎን የሚረጨውም ድምፅ ከፊቱ ጋር የሚመሳሰል። ስለዚህ ወንድምዎ ከመግዛታቸው በፊት የሁለቱን ስፒከሮች የመለኪያ ሰንጠረዥ ቢመለከቱ፣ ከማስታወቂያው የበለጠ ይነግራቸዋል።

እርስዎም ቢሆኑ አዲስ አበባ ውስጥ ስፒከር የሚያሳይ ሱቅ ካገኙ፣ ለመግዛት ባይሆን እንኳ ጆሮዎን ለማስለመድ ሄደው ያዳምጡ። የሚያውቁትን ዘፈን ይዘው ይሂዱ፤ ሻጩ የሚያጫውትልዎ ዘፈን ስፒከሩ የሚያምርበት እንጂ እርስዎ የሚያውቁት አይደለም። በ1960ዎቹ በሸክላ ከታተሙት ብዙዎቹ በሞኖ፣ ማለትም ግራና ቀኝ ሳይለይ በአንድ መስመር፣ የተቀዱ ናቸው፤ ይህ ደግሞ ጥሩ መፈተሻ ነው፣ ምክንያቱም በሞኖ የተቀዳ ድምፅ በትክክለኛ ጥንድ ስፒከር ሲሰማ ከሁለቱም ሳጥኖች ተላቅቆ በመካከላቸው ባለው ባዶ ቦታ ላይ መቆም አለበት። ግራና ቀኝ የሚንገዋለል ከሆነ ወይ ስፒከሮቹ አይመሳሰሉም፣ ወይ የአንዱ ቀይና ጥቁር ሽቦ ተገላብጧል። ከዚያ በኋላ በገና ያስደምጡልኝ። በበገና ክርና በመቀመጫው መካከል የሚገባው ትንሽ ቆዳ፣ እንዝራው፣ እያንዳንዱን ምት ያንን የሚታወቅ ንዝረት ይሰጠዋል፤ ንዝረቱ ከወፍራሙ ድምፅ ጋር የተዋሐደ ነገር ግን የራሱ ቅንጣት ያለው ሆኖ መሰማት አለበት። ደካማ ስፒከር እንዝራውን ወደ ሻካራ ፉጨት ይለውጠዋል፤ ቤዙ የበዛበት ስፒከር ደግሞ ከበገናው ሆድ በሚመጣው ድምፅ ውስጥ ይቀብረዋል፣ የደርዳሪውም ቃል አብሮ ይሸፈናል። ሁለት ስፒከሮችን ሲያወዳድሩ የድምፁ መጠን እኩል መሆኑን ያረጋግጡ፤ ጥቂት ከፍ ብሎ የሚጮኸው ሁልጊዜ የተሻለ መስሎ ይሰማል።

ስለ ዋት ብዙ አልልም፤ ግን አንድ ነገር ላሳስብ። በየሱቁ ካርቶን ላይ በሺህ የሚቆጠር ዋት ተጽፎ፣ አጠገቡ ፒኤምፒኦ የሚል ምልክት ሲያዩ፣ ያ ለቅጽበት እንኳ በእርግጥ የሚሰጥ ጉልበት ስላልሆነ እንዳላዩ ይለፉት፤ የሚጠቅመው አርኤምኤስ ተብሎ የሚጻፈው፣ ሳይቋረጥ የሚሰጠው ጉልበት ነው። አንድ ስፒከር በአንድ ዋት በአንድ ሜትር ርቀት 88 ዴሲቤል የሚሰጥ ከሆነ፣ ጥንዱ በሶፋዎ ላይ በዚያው አንድ አንድ ዋት 85 ዴሲቤል አካባቢ ይሰጥዎታል፤ ይህም የአሜሪካው የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም ለ8 ሰዓት የሥራ ቀን ከፍተኛ ገደብ አድርጎ ያስቀመጠው መጠን ነው። ዋቱ በእጥፍ ሲያድግ የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች፣ አየሯም ስስ በመሆኑ ስፒከር ከባሕር ዳርቻ ከተማ ይልቅ 2 ዴሲቤል ያህል ዝቅ ብሎ ይሰማል፤ በዚህ ሁሉ ግን 50 እውነተኛ ዋት የሚሰጥ አምፕሊፋየር ለሳሎንዎ ከበቂ በላይ ነው። የስፒከሩ ኢምፒዳንስ (ለኤሌክትሪኩ የሚያሳየው ተቃውሞ) 6 ኦም ስለሆነ፣ አምፕሊፋየሩ እስከ 4 ኦም የሚሸከም ቢሆን ይመረጣል። ለሽቦውም 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ገመድ በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ ለሽቦ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም።

ከሥርዎ ያሉትን እናት በጥያቄዎ ውስጥ ማንሳትዎ ልቤን ነክቶታል። ምንጣፉና መጋረጃው ለእሳቸው ምንም አይፈይዱም፤ በወለሉና በግድግዳው አልፎ የሚወርደው በተለይ ዝቅተኛው ቤዝ ነው፣ ይህም ትንሹን ስፒከር የምመርጥበት ሌላው ምክንያቴ ነው። ከስፒከሩ ጋር የሚመጣውን ሹል ብረት እግር ሴራሚክ ላይ አይጠቀሙ፤ ሴራሚኩን ይቧጭራል፣ ስፒከሩም ይንሸራተታል። በምትኩ ወፍራም የጎማ እግር ያድርጉበት። ስፒከሩን ተክለው እንደጨረሱ፣ እርስዎ በሚሰሙበት መጠን ዘፈን ከፍተው ሌላ የቤተሰብ አባል ወደ ታች ወርዶ ከእናት ጋር ቁጭ ብሎ እንዲያዳምጥ ያድርጉ፤ እሳቸው ከሚተኙበት ሰዓት በኋላ ሊያልፉት የማይገባውን የድምፅ መጠንም በዚያው ይወስኑ። ለልጅዎ ደግሞ፣ ቀጭንና ረጅም ሳጥን በአራት ዓመት ልጅ እጅ ሊገለበጥ ስለሚችል፣ ጀርባውን በቀበቶ ከግድግዳ ጋር ማሰር የግድ ነው። የፊት መሸፈኛ ጨርቁንም አያውልቁት፤ ትዊተር በአንድ የጣት ግፊት ይጎደጉዳል።

የቀረው የወንድምዎ ጉዞ ነው። በአውሮፕላን ከአሜሪካ የሚመጣ ሻንጣ አብዛኛውን ጊዜ ክብደቱ ከ23 ኪሎ፣ የርዝመቱ፣ የወርዱና የከፍታው ድምር ደግሞ ከ158 ሴንቲ ሜትር እንዳይበልጥ ይጠበቃል፤ ወለል ላይ የሚቆም ስፒከር ካርቶኑ፣ ትንሹ እንኳ ቢሆን፣ ይህን ልክ ሊያልፍ ስለሚችል፣ ከመግዛታቸው በፊት የካርቶኑን ልክ ሻጩን ጠይቀው አየር መንገዱ ለትርፉ ስንት እንደሚያስከፍል ይወቁ። ክፍያው ከበዛ፣ ተመሳሳይ መጠን ያለውን ስፒከር፣ ለምሳሌ ቁመቱ 83 ሴንቲ ሜትር የሆነውን ዳሊ ኦቤሮን 5፣ ከዱባይ በካርጎ ማስመጣት ሊረክስ ይችላል። ስፒከሩ ራሱ ሶኬት ላይ የማይሰካ ስለሆነ ከየትም አገር ቢመጣ ይሠራል። አምፕሊፋየሩ ግን እንደዚያ አይደለም፤ በአሜሪካ የሚሸጠው ብዙው ለ120 ቮልት ብቻ የተሠራ ነው፣ በእኛ 220 ቮልት ላይ ሲሰካ ይቃጠላል። ወንድምዎ ከዕቃው ጀርባ ያለውን ጽሑፍ አንብበው ከ100 እስከ 240 ቮልት እንደሚሠራ ወይም ቮልት መቀየሪያ እንዳለው ካላረጋገጡ፣ አምፕሊፋየሩን እዚያ ባይገዙት ይሻላል፤ የእኛው ዓይነት ኃይል ካለበት ከዱባይ ወይም ከአውሮፓ የመጣውን እዚሁ ገዝተው፣ ከስታቢላይዘር ጋር ይጠቀሙበት።